ኪሮሽና ቢላ

አባቴ ሙላቴ፣ ያኔ፣ የምድር ባቡር ሰው ነው፤
ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙና አይለቀው።
ከለገሃር ጋራዥ ሲወጣ ማታ ማታ፣
በከዚራ ጥላ ሲመጣ በእርጋታ፣
ቱታው ኪስ ውስጥ አለች አንዲት ቀጭን ብረት፤
የአሮጌ ብስክሌት ራጂ የነበረች፣ ሞርዶ ያሳመራት።
ኪሮሽ ናት። ኪሮሽ ደግሞ የሴት ናት። ሰው እንዳያያት።

በር ይዘጋል። መስኮት ይዘጋል። በድሬ ሙቀት!
በግንቦት፣ ድንጋይ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት፣
ከሰፈሩ ሁሉ እኛ ብቻ ነን የምናልበው፣
አባቴ አንዱን አበባ ቆጥሮ እስኪዘጋው።
ሙሉ ቀን ብሎን ሲፈታ የዋለ መዳፍ
የጉም ያህል ስስ ነገር ያበቅላል ከክር ጫፍ፤
ቁጥሩ ሲጠፋበት ይራገማል፣ ቀስ ብሎ፣ በፈረንሳይ አፍ።

እናቴ ዘርትሁን፣ መርፌ አይታዘዛትም፤
አንዴ ቁልፍ ብትተክል ደረቱን ከጀርባው ሰፋችው፣ ያ ሸሚዝ ዛሬም አልተፈታም።
ጣራ ሲያፈስ ግን እሷ፣ ፊውዝ ሲቃጠል እሷ፤
ሚስማሩ በጥርሷ፣ ፒንሳው በቀሚሷ።

በሩ ሲንኳኳ ነው የቤታችን ቲያትር፤
እሱ ከአልጋ ይዘላል፣ እሷ ከወንበር፤
ፒንሳው ወደ እጁ፣ ዳንቴሉ ወደ እቅፏ፤
እኔ "ማነው?" እላለሁ፣ ሚስማሩን እስክትተፋ ከአፏ።
መፍቱሃ ናት፤ ስኳር ልትበደር መጥታ ዓይኗ ዳንቴሉ ላይ ቀረ፤
"ውይ ዘርትሁን! እጅሽ ይባረክ! ይሄ አበባ እንዴት ተቋጠረ?"
"እንዲያው... ከእግዜር ነው" ትላለች እናቴ በቀስታ፤
አባቴ ሳቁን በሳል ይሸፍናል፣ የፊውዙን ሳጥን እየመታ።

የፋሲካ ዋዜማ ግን ጨዋታው ይከብዳል።
ሴት ዶሮ አታርድም፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።
ባሎቻቸው ባቡር ይዘው ጅቡቲ የቀሩባቸው
በር ላይ ይቆማሉ፣ ዶሮ በአንድ፣ ቢላ በአንድ እጃቸው፣
ወንድ እስኪያልፍ ድረስ፤
አሥር ዓመት ቢሆነው፣ ሰክሮ ቢንገዳገድ፣ ብቻ ወንድ ይሁንላቸው።

አባቴ አለ። ደም ሲያይ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።
"በሰው ፊት አይሆንልኝም፣ እኔ ጓሮ ነው" ይላል፤
የሰፈሩን ዶሮ በክንፍ በክንፉ አንጠልጥሎ ይገባል።
ጓሮ፣ ከዘይቱኑ ሥር፣ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ
በስመ አብ ትላለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ አያነባ፤
እሱ ግድግዳውን ይቆጥራል፣ ጡብ በጡብ፣ ጣቱን ጆሮው ውስጥ እያስገባ።
ከዚያ ቢላውን ተቀብሎ ደሙን ሳያብስ ይወጣል፤
"አንተ አትጥፋብን!" ይሉታል፤ ስድስት ምርቃት ይዞ ይመለሳል፤
ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ምርቃቱን አንድ በአንድ ለእሷ ያስረክባል።

ዓመት ሄደ። የድሮው ባቡር ቆመ፤ ሐዲዱ ላይ ፍየል ተኛ።
አባቴ ጡረታ ወጣ፤ መስኮታችን ግን አልተከፈተም፣ አልለመድነውም እኛ።

ዘንድሮ፣ ጥር ላይ፣ እናቴን ቀበርናት።
እስከ አርባዋ ድረስ ኪሮሹን አልነካም፤ ትራሱ ሥር ደበቃት።
ኋላ አንድ ቀን መስኮቱን ከፈተ፤ ዱካውን አወጣ ወደ ደጃፍ፤
ክሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያልፍ።
ባጃጁ ቆመ። ጫት ሻጯ መልስ መስጠት ረሳች።
መፍቱሃ ቀረብ ብላ ዳንቴሉን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤
ቋጠሮ ፈልጋ አጣች።
"ለካ..." አለች። ዝም አለች። ዓይኗ ወደ ጓሯችን ሄደ፤
"ዶሮውንስ?" አባቴ አልመለሰም፤ ክሩ በጣቱ መሀል ወረደ።

ዛሬ ዋዜማው ነው። እልፍነሽ ገብስማ አውራ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፤
አባቴን ታያለች፣ ክሩን ታያለች፣ መልሳ አባቴን ታያለች።
እሱ ቀና ሳይል "አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት..."
እኔ ጓዳ ገብቼ ሞረዱን አወጣሁ፣ ያንን የኪሮሹን፤ ቢላውን ሳልኩበት።
እጅጌዬን ስሰበስብ አየችኝ፤ አማተበች፤
የሚያልፍ ወንድ ፍለጋ መንገዱን ግራ ቀኝ ቃኘች።
ሁለት አለፉ።
አልጠራቻቸውም።
"አንቺ?" አለች።
"እኔ" አልኳት። "ክንፉን ያዥልኝ።"